ለአባባ፣ ከሴንት ሉዊስ

ውድ አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ አልለቀቀንም።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ባቡር ነው። እሁድ ልጆቹን ይዤ ከተማው ዳር ወዳለው የትራንስፖርት ሙዚየም ሄድኩ። እነሱ ግዙፉን የእንፋሎት ባቡር ሲያዩ ጮኹ። እኔን ያስቆመኝ ግን አንድ የናፍጣ ባቡር ነው፤ ቁጥሩ 103። ጠጋ ስል ያ የግሪስ ሽታ መጣ። የእርስዎ የቱታ ሽታ! እንባዬ መጣ። ልጆቹ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1939 ነው የተሠራው። ያኔ እዚህ አሜሪካ ከባድ ጭነት የሚጎትተው እንፋሎት ነበር። ፋብሪካው ናፍጣም እንደሚችል ለማሳየት አራት ክፍሎች ቀጣጥሎ፣ 5,400 የፈረስ ጉልበት አሸክሞ፣ በ20 የባቡር ድርጅቶች ሐዲድ ላይ 35 ግዛቶችን አዞረው። በ11 ወር 83,764 ማይል ሄደ። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ከለገሃር ጅቡቲ ከ170 ጊዜ በላይ ይሆናል። በረሃውንም በረዶውንም ቻለው። እንደ እንፋሎቱ ውሃ ልሙላ ብሎ በየጣቢያው አይቆምም። ከዚያ በኋላ ድርጅቶቹ ናፍጣ ማዘዝ ጀመሩ፣ እንፋሎቱም እያደር ቀረ።

ትዝ ይልዎታል? በረንዳው ላይ በከሰል እየሳሉ ያስረዱኝ ነበር። ናፍጣው ጀነሬተሩን ያዞራል፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ እግሮቹ ዘንድ ያሉትን ሞተሮች። ያኔ አልገባኝም። እሁድ ለልጆቼ በእርስዎ ቃል አስረዳኋቸው።

አንድ ሽማግሌ የበሩን እጀታ በጨርቅ ይወለውላሉ። ደመወዝ የላቸውም፣ ለፍቅሩ ነው። አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ላይ ነበር ስላቸው ጨርቁን አስቀምጠው እጄን ጨበጡኝ። «ምን ዓይነት ሞተር ነበር የሚጠግኑት?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በጣም አፈርኩ፣ አባባ። ያን ሁሉ ዓመት አብሬዎት ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ስለዚህ እባክዎን ሁለት ነገር ያድርጉልኝ። እህቴ ጓዳውን ላጸዳ ነው ብላኛለች፤ የሥራ ፋኖስዎንና መፍቻዎቹን ለቆራሌው እንዳትሰጥ ይንገሯት። ደግሞ ማታ ማታ በእሷ ስልክ ድምፅዎን ይቅረጹልኝ። ከመጀመሪያው ቀን ይጀምሩ፤ ማን አስገባዎት፣ የቱ ሞተር ነበር ሌሊቱን ሙሉ የሚያስመሽዎት? እሁድ ተመልሼ ለሽማግሌው እነግራቸዋለሁ።

ልጅዎ