ነጩ ኳስ የት ቆመ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጎንደር ከተማ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ሁለት ጠረጴዛ ያላት አንዲት ትንሽ ፑል ቤት ይዤ የምተዳደር የዘወትር አንባቢያችሁ ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በስፖርት ገጻችሁ አልፎ አልፎ ፑልን ስለሚመስለው የጠረጴዛ ጨዋታ ስለ ስኑከር የሚወጣው ዘገባ ነው። ዘገባው ማን ማንን በስንት እንዳሸነፈ፣ ማንስ ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ አስደናቂ ኳስ እንዳስገባ በሚገባ ይነግረናል፤ ኳሱ ከገባ በኋላ በስቴካ (በመምቻው ዱላ) የሚመታው ነጩ ኳስ የት እንደቆመ ግን አንድም ቀን ጽፎልን አያውቅም። ቤቴ የሚመጡት ወጣቶችም ጨዋታውን የሚያዩት በዚሁ ዓይን ነው፤ ለእነርሱ ጥያቄው ኳሱ ገባ ወይስ አልገባም የሚል ብቻ ነው። እኔ ግን ይህን ያህል ዓመት ቆሜ ስመለከት የተረዳሁት፣ ጨዋታውን የሚወስነው የገባው ኳስ ሳይሆን ሜዳው ላይ የቀረው ነጩ መሆኑን ነው።

ስኑከርን የማውቀው በዲሽ ከማየው እንጂ በእጄ ከመታሁት አለመሆኑን አልደብቅም። የእኔ ጠረጴዛዎች ትንንሽ የፑል ጠረጴዛዎች ሲሆኑ፣ የስኑከሩ ሜዳ ግን 3 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመትና 1 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ኳሶቹም 52.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆኑ ከፑሎቹ ያንሳሉ። ነጩ የሚታዘዝበት ሕግ ግን በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በስኑከር 15 ቀይ ኳሶችና 6 ባለ ቀለም ኳሶች አሉ፤ ተጫዋቹ አንድ ቀይ ባስገባ ቁጥር አንድ ባለ ቀለም ያስከትላል። ከእያንዳንዱ ቀይ ቀጥሎ 7 ነጥብ ያለውን፣ በገባ ቁጥርም ወደ ቦታው የሚመለሰውን ጥቁሩን እያስገባ፣ በመጨረሻም ስድስቱን ባለ ቀለሞች በቅደም ተከተል ያነሳ ሰው 147 ነጥብ ያገኛል። ይህ 36 ኳሶችን ያለ ማቋረጥ ማስገባት ማለት ስለሆነ፣ ነጩ 35 ጊዜ ለሚቀጥለው ምት በሚመች ቦታ መገኘት አለበት። እንግሊዛዊው የስኑከር ተጫዋች ሮኒ ኦሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1997 በሼፊልድ ይህን በ5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ሲፈጽመው ለአንዱ ምት የደረሰው ጊዜ ከ9 ሰከንድ ያነሰ ነበር። ምስሉን የተመለከተ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ከገቡት ኳሶች አብዛኞቹ ማንም ሊያስገባቸው የሚችል ይመስላሉ። ቀላል ያደረጋቸው ግን ከእነርሱ በፊት የተመታው ምት ነው። ገበጣ የሚጫወት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጠጠር ከጉድጓድ ማንሳት የሚሳነው የለም፣ ብልሃቱ የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ አስቀድሞ መቁጠር ነው፤ ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋልና።

ወጣቶቻችን ነጩን ማዘዝ የሚመስላቸው በኃይል መምታትና ማሽከርከር ነው። ስቴካውን ከኳሱ እግር ሥር አስገብተው በሙሉ ክንዳቸው ይመታሉ፤ ነጩ ወደ ኋላ ከተመለሰ ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል፣ ካልተመለሰ ደግሞ ዘሎ ከወለሉ ላይ አነሳዋለሁ። እውነቱ ግን ከዚህ በጣም የቀለለ ነው። ነጩ ሌላውን ኳስ በሚነካበት ቅጽበት እየተንሸራተተ ነው ወይስ እየተንከባለለ? ምንም ሳይሽከረከር እየተንሸራተተ ከደረሰና ቀጥ ብሎ ከገጨው እዚያው ይቆማል፤ በጎን ከነካው ደግሞ የተመታው ኳስ ከሄደበት መስመር ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ ይለያል። እየተንከባለለ ከደረሰ ግን ወደ ፊት የመሄድ ፍላጎቱን ይዞ ስለሚመጣ፣ መንገዱን አጥፎ ወደ ፊት ያዘነብላል። ለምሳሌ የሌላውን ኳስ ግማሽ የሚሸፍን ምት ብንመታ፣ የሚንሸራተተው ነጭ ከመጣበት አቅጣጫ 60 ዲግሪ ያህል ሲርቅ የሚንከባለለው የሚርቀው ወደ 34 ዲግሪ ብቻ ነው። ከአንድ ዓይነት አነጣጠር ሁለት የተለያዩ ማረፊያዎች ይገኛሉ ማለት ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ስቴካው ነጩን ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ አድርጎ መንካቱ እንጂ የክንድ ጉልበት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሕግ የሚሠራው ኳሶቹ እኩል ሲከብዱ ነው። አንድ ጊዜ ነጩ ጠፍቶብኝ ከሌላ ስብስብ የመጣ ከበድ ያለ ኳስ ተክቼ ነበር፤ ደንበኞቼ ለሳምንታት “ነጩ አልቆም አለን” እያሉ ሲያማርሩ እኔም በእጃቸው ሳሳብብ ቆየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጨርቁም እንዲሁ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት እርጥበት ሲገባው ኳሱን ስለሚይዘው፣ በበጋ እዚህ ጥግ ይደርስ የነበረው ነጭ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለኋላ ሽክርክሪት የተሰጠውም ኃይል ሩቅ ባለው ኳስ ላይ ሳይደርስ በጨርቁ ፍትጊያ ያልቃል። ነጩ ከሌላው ኳስ በራቀ መጠን ከታች የመምታት ጥቅም እየመነመነ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ግን ቀጥ ያለ ምት ነው። ነጩ፣ የሚመታው ኳስና ቀዳዳው በአንድ መስመር ሲውሉ ወጣቱ ተጫዋች ደስ ይለዋል፤ ማስገባቱ ቀላል ነዋ። ነገር ግን ቀጥ ያለ ምት ነጩን ያስረዋል፤ እዚያው ከመቆም፣ በዚያው መስመር ወደ ፊት ከመከተል ወይም ወደ ኋላ ከመመለስ ሌላ ምርጫ የለውም። ትላልቆቹ የስኑከር ተጫዋቾች ጥቁሩን ሲመቱ ብዙ ጊዜ ነጩን በትንሹ ጋደል አድርገው ያስቀምጡታል። ያች ትንሽ ማዕዘን ነጩ ጥቁሩን ካስገባ በኋላ ከበስተጀርባ ያለውን ጎማ (የጠረጴዛውን ጠርዝ) ነክቶ በለሆሳስ ወደ ቀዮቹ እንዲመለስ መንገድ ትከፍትለታለች። ደግሞ ማዕዘኑ ወደ የትኛው ጎን እንደሆነም ያስባሉ፤ በተቃራኒው ጎን የቆመ ነጭ፣ ጥቁሩ ቢገባም እንኳ ከቀዮቹ ርቆ ይሄዳልና።

ሁለተኛው ብልሃት ነጩ ወደ ማረፊያው የሚገባበት አቅጣጫ ነው። የሚቀጥለው ኳስ ከቀዳዳው ጋር የሚሠራው መስመር ወደ ኋላ ሲዘረጋ አንድ ረጅም ጎዳና ይሆናል ብለን እናስብ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስደው ታክሲ የፈለገ ሰው የመንገዱን ዳር ይዞ ቢራመድ የትም ቢደርስ ታክሲው ያገኘዋል፤ መንገዱን አቋርጦ የሚሮጥ ግን ታክሲው በምታልፍባት ቅጽበት ካልደረሰ አመለጠችው፣ ከደረሰም ያለበት ቦታ መሃል መንገድ ነው። ነጩም በጎዳናው ርዝመት ከገባ ትንሽ ቢፈጥን ወይም ትንሽ ቢዘገይ የሚመታ ኳስ አያጣም፤ ጎዳናውን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነ ግን የአንድ ስንዝር ስህተት ተራውን ታሳጣዋለች። ጎበዝ ተጫዋች አልፎ አልፎ አንድ ተጨማሪ ጎማ የሚያስነካው ለማሳመር ሳይሆን ነጩ በርዝመቱ እንዲገባለት ብሎ ነው።

በቤቴ ይህን ሁሉ ያለ ትምህርት የሚያውቁ አንድ አዛውንት አሉ። በወጣትነታቸው ከረንቡላ ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው፤ ከረንቡላ ደግሞ ኳሶች ተጋጭተው የሚሄዱበትን መንገድ ማስላት ግድ ይላል። ከመምታታቸው በፊት ጨርቁን በጣታቸው ነካ አድርገው “እዚህ ይተኛል” ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚያው ይተኛል። አንድ ቀን አንዱ ወጣት “አባባ፣ ለምን ጠንከር አድርገው አይመቱትም?” ቢላቸው፣ “ልጄ፣ ነጩን የት ልሰደው ብዬ?” አሉት። ከእርሳቸው ተምሬ አሁን ለጀማሪዎች የደብተር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አነጥፋለሁ፤ ኳሱን አስገብተው ነጩን ወረቀቱ ላይ እንዲያቆሙ፣ ከተሳካላቸውም ወረቀቱን ለሁለት እንዲያጥፉት እጠይቃለሁ። ለአራት ያጠፈ እስካሁን አንድ ልጅ ብቻ ነው። ክፍያችን በጨዋታ ስለሆነ፣ ሁለት ጎበዞች ሲገናኙ ጨዋታው ቶሎ አልቆ ሌላ ይጀመራል፤ ስለዚህ ይህን የሚመክረው ለኪሱ ነው የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስለ አንድ ታላቅ ጨዋታ ስትዘግቡ ከውጤቱ ጎን አንዲት ትንሽ ሥዕል አውጡልን፤ ጠረጴዛው ይሣል፣ ወሳኙ ኳስ የገባበት ቀዳዳ ይታይ፣ ነጩም የሄደበት መንገድ በነጠብጣብ መስመር ይመላከት። ያንን ገጽ ቆርጬ ከጠመኔው ማስቀመጫ በላይ ግድግዳው ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፑል ቤት ባለቤት
ጎንደር