አጎበሩ ለሌሊት ነው፤ በርሜሉስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክረምት በመጣ ቁጥር ኮምቦልቻ ውስጥ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ አጎበር ዘርጉ፣ ያቆረ ውሃ አፋስሱ፣ ቦይ ጥረጉ። ለወባ ትክክል ነው። ደንጊና ቺኩንጉንያ የተባሉትን ቫይረሶች የምታስተላልፈው ትንኝ ግን ሌላ ናት። ኤደስ ኤጂፕቲ ትባላለች፤ ጠቆር ያለች፣ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ቀለበት ያለባት። የምትነክሰው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ጀምበር ልትጠልቅ ስትል። የቦርከናን ዳር ረግረግ ትታ ጓሮ የተቀመጠውን ንጹሕ ውሃ ትመርጣለች። ቦይ ጠርገን ስንመለስ እሷ እቤት በርሜላችን ላይ ነች።

ደንጊ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ ነው። በ2019 ደግሞ እዚያው ቺኩንጉንያ ብዙ ሺህ ሰው አስተኝቷል። ድሬዳዋ ሩቅ ናት የሚል ይኖራል። ኮምቦልቻ ግን 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣው መኪና የሚያርፍባት ከተማ ናት። የዚህች ትንኝ እንቁላል በደረቀ ጎማ ውስጥ ሳይሞት ወራት ይቆያል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይፈለፈላል። ከጎሚስታ ቤት ጀርባ የተከመረው ጎማ ጣሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጣሪያ ከሌለ ሸራ ይበቃል፤ ሸራው ጎድጉዶ ራሱ ውሃ እንዳይቋጥር ግን ይወጠር።

ወደ በርሜሉ እንመለስ። ቧንቧ በሚቆራረጥበት ሰፈር ውሃ አታጠራቅሙ ማለት ቀልድ ነው። ስህተቱ ያለው ውሃውን ብቻ ደፍቶ መልሶ መሙላት ላይ ነው። እንቁላሉ ከውሃው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ የበርሜሉ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ በርሜሉ እንደገና ሲሞላ ውሃው ይደርስበትና ይፈለፈላል። በሙቀት ወራት ከዚያ እስከ መብረር ከ7 እስከ 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳይቀያይሩ፣ ውስጡን በሽቦ ወይም በጠንካራ ብሩሽ ፈግፍጎ እጣቢውን ደረቅ አፈር ላይ መድፋት ነው። ክዳኑ ከተጣመመ ያልተቀደደ አጎበር ወጥሮ አፉን ማሰር ይቻላል። ሊፈገፈግ ለማይችል ትልቅ ማጠራቀሚያ የጤና ባለሙያ የትንኝ እጭ የሚገድለውን ቴሜፎስ የተባለ መድኃኒት ሊጨምርበት ይችላል፤ 1 በመቶ ከሆነው ደቃቅ ጠጠር ለ200 ሊትር 20 ግራም። የሚሰላው ዕቃው ሲሞላ በሚይዘው ልክ ነው። በዕለቱ ባለው ግማሽ ውሃ ከተሰላ፣ በርሜሉ ሲሞላ መድኃኒቱ ይሳሳና እጩ አይሞትም።

የሚያስቆጨው ሌላ ነገር የወባ ምርመራው ነጻ ሲሆን ወዲያው «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሎ መሸኘቱ ነው። ድንገተኛ ትኩሳት ከዓይን ጀርባ ሕመምና ከመገጣጠሚያ ቁርጥማት ጋር ሲመጣ ደንጊና ቺኩንጉንያም መታሰብ አለባቸው። እስኪጣራ ድረስ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዲክሎፌናክ መርፌም ይቅር፤ ደንጊ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳያልፍ፣ ከብዙ ፈሳሽ ጋር። በደንጊ ክፉው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፣ ትኩሳቱ በርዶ ቤተሰቡ «ተሻለው» ሲል ነው። ጠንካራ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ መድማት ወይም መቅበጥበጥ ከታየ ሌላ ቀን ሳያድር ሆስፒታል ይግባ።

አጎበር እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ በቀን፣ ለታማሚው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ውስጥ ቫይረስ ስላለ የነከሰችው ትንኝ ከ8 እስከ 12 ቀን በኋላ ለጎረቤት ታደርሰዋለች።

ደሴ ብርዳም ናት፣ ይህ አይመለከተንም ለሚሉ፦ ሕመሙ ከተነከሱ ከ4 እስከ 10 ቀን በኋላ ስለሚጀምር ኮምቦልቻ ወይም አፋር የተነከሰ ሰው የሚታመመው ደሴ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የካርድ ክፍሉ ወረቀት ላይ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት ነበሩ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን።

የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች
ከኮምቦልቻ