የእድራችን ገንዘብ ለሕመምተኛውም ይድረስ፦ ለካንሰር ታካሚዎች ማረፊያ ቤት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአዳማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ የእድር አባላት፣ እንዲሁም በውጭ አገር የምትኖሩ የከተማችን ልጆች፤

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 350,000 ያህል ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር ሕይወታቸውን ያጡ ሲሆን፣ 94 በመቶ ያህሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ እንደነበሩ የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ሌላ ቦታ ችግሩ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ በምርመራ ተገኝቶ ይታከማል፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ እናቶች ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡት ደም መፍሰስ ከጀመራቸው በኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ልጆቻችንን ይጠብቃል፤ ዛሬ ለታመሙት ግን አይደርስላቸውም።

ለብዙዎቹ የሚታዘዘው የጨረር ሕክምና ነው። ሕክምናው በእያንዳንዱ ቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢወስድም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለአምስት ሳምንት ያህል ስለሚሰጥ፣ ከአዳማ ወደ ጥቁር አንበሳ የምትላክ እናት ከአስታማሚዋ ጋር ወር አልፎ አዲስ አበባ መሰንበት ይኖርባታል። ዘመድ የሌላት አልጋ ትከራያለች፤ ገንዘቧ ሲያልቅ አቋርጣ ትመለሳለች፤ ጨረሩ ሲቋረጥ ደግሞ ዕጢው መልሶ የማደግ ዕድል ያገኛል።

«መቶ ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ ምን ማረፊያ ያሻል፣ ውላ ትግባ» ያሉን አሉ። ለጤነኛ ሰው እውነት ነው፤ ከወገቡ በታች ጨረር የሚወስድ ሰው ግን ድካም፣ ተቅማጥና ቶሎ ቶሎ ሽንት ስለሚያስቸግሩት በየቀኑ አውቶቡስ ላይ ሊመላለስ አይችልም።

እኛ የእድር ሰዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። አባል ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ለቤተሰቡም ገንዘብ እንሰጣለን፤ በሕይወት ሳለ ለመታከሚያ ሲጠይቀን ግን «ደንቡ አይፈቅድም» ብለን የመለስንበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የሰፈራችን እድሮች ተሰባስበን ሆስፒታሉ አቅራቢያ ስድስት ታካሚዎችን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር የሚያሳድር ቤት ለአንድ ዓመት ለመከራየት ተስማምተናል። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን የኪራዩ ገንዘብ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 50 ብር ብናገኝ ሥራው ይጀመራል። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሽሮና በርበሬም በደስታ እንቀበላለን፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ አሽከርካሪዎች በሳምንት አንድ ወንበር ቢለቁልን ደግሞ ውለታቸው ከገንዘብ አያንስም። ለሚሰጠው ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ገቢና ወጪውም በየወሩ በእድሩ ስብሰባ ላይ ይነበባል።

ሪፈር ተጽፎላችሁ ማረፊያ በማጣት ቤት የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ቤቱ እስኪከፈት ሳትጠብቁ በየእድራችሁ ጸሐፊ ዘንድ ተመዝገቡ።