ተስፋ የቆረጠ ሰው አይዋኝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። የውጭ ዜና ገጻችሁን ሳላነብ አላልፍም። ባለፈው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስለ ሰመጠችው ጀልባ ባወጣችሁት ዜና ላይ «ተሳፋሪዎቹ ተስፋ በቆረጠ ሁኔታ ወደ ዳር ለመዋኘት ሞከሩ» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ተስፋ ከቆረጡማ ለምን ይዋኛሉ? ተስፋ የቆረጠ ሰው ዝም ብሎ ይሰምጣል እንጂ አይንፈራገጥም።

እንግሊዝኛውን ሳላየው ገባኝ፤ «ዴስፐሬትሊ» ናት። ይህቺ ቃል ብዙ ሰው ጉድ ሠርታለች፣ እኔንም ጨምሮ። የትርጉም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የሥራ ማስታወቂያ ተሰጠኝና፣ ነርሶች በጣም እንደሚያስፈልጉ የሚናገረውን መስመር «ተስፋ በመቁረጥ ነርሶች እንፈልጋለን» ብዬ አስረከብኩ። አለቃዬ አንብቦ ቀና አለና «እነሱ ተስፋ ከቆረጡ ማን ሊቀጠርላቸው ነው?» አለኝ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

መዝገበ ቃላት ያየ ሰው ቢሳሳት አይፈረድበትም። ሥሩ እውነትም ተስፋ ማጣት ነው። በላቲን «ስፔራሬ» ማለት ተስፋ ማድረግ ነው፤ ከፊቱ «ዴ» ሲገባበት ተስፋው ይሄዳል። ቃሉ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ተስፋ የሌለው ሰው የሚያጣው ነገር የለውም፣ የሚያጣው ነገር የሌለው ደግሞ ምንም አይፈራም፤ እንግሊዝኛ ለምንም ነገር የማይመለሰውን ወንበዴ «ዴስፐራዶ» የሚለው ከዚሁ ሥር ነው። እናም ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ጭንቀትና ወደ ትንቅንቅ አደላ። የእኛ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የሚባለው ሰው ተስፋ ቆርጧል እንዴ? ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አያገባም ነበር።

የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ አማርኛም «ቆረጠ» በምትለው ቃል ሁለቱንም ይላል። ተስፋ ቆረጠ ስንል ሰውየው ተቀመጠ ማለት ነው። ቆርጦ ተነሳ ስንል ደግሞ የሚመልሰው የለም። ዴስፐሬትሊ ያለችው በሁለቱ መሃል ነው፣ ወደ ሁለተኛው ጠጋ ብላ፣ ግን ፍርሃቱ ሳይለቃት። ቁርጠኛ ሰው ረጋ ያለ ነው፤ የዴስፐሬትሊ ሰው ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ካልተሳካለት አበቃለት። ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ ከ«ሞት ሽረት» የተሻለ ቃል እስካሁን አላገኘሁም።

ሁልጊዜ ሞት ሽረት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከበሽታ ጋር ስትመጣ «በጠና ታሟል» ነው፣ እሱም አልቆለታል ማለት አይደለም። ከፍቅር ጋር ስትመጣ ሰውየው ክፉኛ ወዷል፣ ከንፏል። እዚህ ላይ «ተስፋ ቆርጦ አፈቀራት» ብላችሁ ብትጽፉ ልጅቷ እምቢ ያለችው ነው የሚመስለው! እርዳታ ሲሆን «አጥብቀው ይሻሉ»፣ ድህነት ሲሆን «የድሃ ድሃ»። አንዳንዴ ደግሞ ስሜቱ ጭራሽ ይጠፋል። እንግሊዛዊ ስለ አንድ ስብሰባ «ዴስፐሬትሊ አልጓጓሁም» ካላችሁ ጭንቀትም ትንቅንቅም የለበትም፤ ብቀርም ግድ የለኝም እያለ ነው፣ በጨዋ ደንብ። «ቴሪብሊ»ም እንደዚሁ ነው፤ ሥሩ ሽብር ሆኖ ሳለ ዛሬ «በጣም አዝናለሁ» ለማለት ይውላል። የእኛም «ክፉኛ» ከክፋት ወጥታ ፍቅር ውስጥ ገብታ የለ?

ደግሞ «በ… ሁኔታ» የምትሏትን ነገር ተዉአት አቦ። እንግሊዝኛ ቃል መጨረሻው ላይ «ሊ» ባለ ቁጥር «ሁኔታ» እየለጠፍን ስንቱን ዓረፍተ ነገር አንካሳ አደረግነው። አማርኛ ይህን ስሜት አብዛኛውን ጊዜ በግሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፦ ተፍጨረጨረ፣ ተንፈራገጠ፣ ተማጠነ። «ዴስፐሬትሊ ለመነው» ለሚለው «ተማጠነው» ብቻ ይበቃል፣ ሌላ ቃል አይፈልግም።

የጀልባዋንም ዜና እኔ ብሆን «ነፍሳቸውን ለማትረፍ ወደ ዳር ተፍጨረጨሩ» ነበር የምለው። ከዜናው ግርጌ እንዳነበብኩት ከመሃላቸው ዳር የደረሱም አሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ተርጓሚ አንባቢ