ጢያንና ሐረ ሸይጣንን በአንድ ቀን አታጭቋቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ ለጥንዶች ያወጣችሁት የጉዞ ጥቆማ የመልካ ቁንጡሬን የጥንት ሰዎች ቁፋሮ ሥፍራ፣ የአዳዲ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን፣ የጢያን ትክል ድንጋዮችና የሐረ ሸይጣንን ሐይቅ በአንድ ቀን አዙሮ ወደ አዲስ አበባ ይመልሳል። ምርጫው ግሩም ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው፤ በዚህ መስመር እንግዳ ይዘን ስለምንመላለስ ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም።

ቡታጅራ ብቻዋን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ሐይቁ ደግሞ ከከተማዋ አልፎ ነው። ወደ አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ 12 ኪሎ ሜትር ያህል መግባት፣ ያንኑ መመለስ አለ። አራቱን በአንድ ቀን የጀመረ ሰው ሐይቁን የሚያገኘው ሲመሽ ነው፤ መመለሻውም ከብትና ጋሪ በሚያቋርጠው መንገድ ላይ፣ በጨለማ ይሆናል። ስለዚህ ቡታጅራ ላይ ይታደር።

በመጀመሪያው ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ መነሳት ነው፤ የዓለም ገና መውጫ ሳይጨናነቅ ማለፍ ይቻላል። መልካ ቁንጡሬ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ማለዳ ይደረሳል። እዚያ ያለ አስረጂ የገባ ሰው አፈር አይቶ ይመለሳል። አስረጂ ካለ ግን አዋሽ የቆረጠው ገደል ላይ የአፈሩን ንብርብር ከእሳተ ገሞራ አመዱ ለይቶ ያሳያል፤ የድንጋይ መሣሪያዎቹም በየትኛው ንብርብር እንደተገኙ ይናገራል። ቦታው በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ሥፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ባልጪት ላይ መሬቱን የሞላው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ራሱ ባልጩት ነው፤ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የጠረቡበት። ለማስታወሻ ብሎ አንዲት ስንጣሪ ኪስ መክተት ቅርስ ማጥፋት ነው፤ ከቦታዋ የተነሳች ስንጣሪ ለአጥኚ የምትነግረው ነገር የላትም።

አዳዲ ማርያም ከአንድ ዓለት የተፈለፈለች፣ ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ወር በገባ በ21 ምእመናን ስለሚበዙ ለጉብኝት ሌላ ቀን ይመረጥ። ጫማ ይወለቃል፤ ነጠላ ከቤት ይያዝ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የእጅ ባትሪ ወደ መሬት እንጂ ወደሚጸልይ ሰው ፊት አይበራም። በክረምት መገንጠያው ላይ የአገሩን ሰው ስለ ጭቃው ሳይጠይቁ አይገባም።

ጢያን እናንተ ለቀትር መድባችኋል፤ እኛ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ እንላለን። ጥላ የሌለበት ሜዳ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ብርሃኑ ነው። ከ36ቱ ትክል ድንጋዮች 32ቱ ላይ ሰይፍ፣ ክብና ቅርንጫፍ መሳይ ምልክት ተቀርጿል። ፀሐይ ፊት ለፊት ካረፈችበት ቅርጹ ይሟሽሻል፤ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመታው ጠርዙ ጥላ ይጥልና ሰይፉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንዱን ድንጋይ ከአንድ አቅጣጫ አይቶ ማለፍ አይገባም፤ ዙሪያውን መዞር ነው። ቅርጹ እንዲታይ ብሎ በጠመኔ መሙላት ወይም ውኃ ማፍሰስ ድንጋዩን ይጎዳል። ድንጋይ ተደግፎ ፎቶ መነሳትም ይቅር፤ ሥፍራው መቃብር ነው። በቁፋሮ የተገኙት ሰዎች ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ጽንስ በማህፀን እንደሚሆነው የተቀበሩ ናቸው።

ሐረ ሸይጣን ለሁለተኛው ቀን ጠዋት ይቆይ። ከርሰ ምድር የወጣ ቅልጥ ድንጋይ ከውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቦረቦረ ጉድጓድ ነው፤ አረንጓዴው ውኃ ከታች ተኝቷል። ጠርዙ ልል ድንጋይና አመድ ስለሆነ ከእግር ሥር ይናዳል። እዚህ ላይ ነው ለጥንዶች የምንፈራው፤ አንዱ ሌላውን ፎቶ ሲያነሳ ወደ ኋላ ይራመዳል። ከጠርዙ ቢያንስ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ቆሞ ማንሳት ነው። «ድንጋይ ወርውሮ ውኃው ላይ ያደረሰ የለም» የሚባለውን ለመሞከር ተንደርድሮ መወርወርም አደጋው ያው ነው። ከላይ ሲታይ ውኃው ቅርብ ስለሚመስል ሰው ኃይሉን በሙሉ ይጨምራል፤ ሚዛኑንም የሚስተው ያኔ ነው።

ጥቆማውን አስተካክላችሁ ስታወጡ የመግቢያ ክፍያው በየቦታው ለየብቻ፣ በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፈል ጨምሩበት። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ሊትር ውኃና ኮፍያም ያስፈልጋል። የመንገዱን የዕለቱን ሁኔታ ከመነሳት በፊት ቡታጅራ ደውሎ መጠየቅ ይገባል። የሐይቁን ጠርዝ ማስጠንቀቂያ ግን ከሁሉ በላይ አድርጋችሁ አትሙልን።

ሁለት አስጎብኚዎች፣ ከአዲስ አበባ