ሥዕሉ የሚበላሸው ገና ሳይሳል ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በውበት ገጻችሁ ቤት ውስጥ ጥፍር ስለማስዋብ የወጣው ጽሑፍ ለዓይን የሚማርኩ ንድፎች ነበሩት። ቅር የሚያሰኘው አነሳሱ ነው። ጣትን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ ወዲያው መቀባትን ይመክራል። ጥፍር ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ በትንሹ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ቀለሙ ግን አብሮት ስለማይሰበሰብ ከጫፉ ይላጣል። መዘፍዘፍ ካስፈለገ ከሰዓታት በፊት ይሁን። ልክ ከመቀባት በፊት የሚያስፈልገው በአሴቶን ወይም በአልኮል በራሰ ጥጥ የጥፍሩን ቅባት ጠርጎ ማንሳት ነው።

ከዚያ አንድ ዙር ቤዝ ኮት (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ሽፋን)፣ ሁለት ስስ ዙር ቀለም፣ በየመሃሉ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ዕረፍት። ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ማሟሚያ ተንኖ ሲያልቅ ነው። ወፍራም ከተቀባ ላዩ ቀድሞ ይጠጥርና የታችኛውን ያፍነዋል፤ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላም አንሶላ ሲነካው ምልክት የሚያወጣው ለዚህ ነው። ጠርሙሱን መነቅነቅ አየር ስለሚያስገባ አረፋ ያመጣል፤ በሁለት መዳፍ መሃል ማንከባለል ይበቃል። ብሩሹ የጥፍሩን ሥር ቆዳ አይንካ፣ የፀጉር ስፋት ያህል ይራቅ። የጥፍሩ ጫፍም ይቀባ።

ነጠብጣብ ለመሥራት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ባለ ራስ ስፒል ወይም ስቴኪኒ ይሠራል። አንዴ ተነክሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጫነ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከቀዳሚው ያንሳል። እኩል እንዲሆኑ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ እንደ አዲስ ይነከር። ቀጭን መስመር ደግሞ በጥፍር ቀለም ከመታገል በውኃ በሚሟሟ አክሪሊክ ቀለም ይሻላል፤ የተሳሳተው በእርጥብ ብሩሽ ሲነሳ ከሥሩ ያለው የደረቀ ቀለም አይነካም። በስኮች ለሚሠራ ቅርጽ የታችኛው ቀለም ፈጽሞ መድረቅ አለበት። የላይኛው ግን ገና እርጥብ ሳለ ስኮቹ ይነሳ፤ ከደረቀ በኋላ ሲሳብ ጠርዙን ቀዶ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚያማርርበት፣ ቀለም ውኃ ላይ ተንጠባጥቦ ጥፍር የሚነከርበት የውኃ ላይ ንድፍ ነው፤ ጽሑፋችሁ ግን በሁለት መስመር አልፎታል። ውኃው የተጣራና የክፍሉን ሙቀት የያዘ ይሁን። ቀዝቃዛ ከሆነ ጠብታው ሳይዘረጋ ይረጋል። የቆየና የወፈረ ቀለም ይሰምጣል። ጠብታው ከውኃው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ አንዱ በሌላው መሃል እየገባ፣ ሦስት አራት ጊዜ ይንጠብ። በስቴኪኒ መሳል የሚጀመረው ከውጭው ክበብ ሳይሆን ከሁለተኛው ነው፤ የውጭው ቀድሞ ስለሚደርቅ ከተነካ ሁሉንም ይጎትታል። ጥፍሩ የሚቀባው ገጹ ወደ ንድፉ ዞሮ፣ ከውኃው ጋር ትይዩ ሆኖ ይግባ። ጣቱ ገና ውኃ ውስጥ እያለ ላይ የቀረው ቀለም በስቴኪኒ ይጠራረግ፤ አለዚያ ሲወጣ ሁለተኛ ሽፋን ሆኖ ይለጠፍበታል። በጣቱ ዙሪያ ቫዝሊን መቀባት ለጽዳት ይረዳል፣ ጥፍሩን ከነካ ግን እዚያ ቦታ ላይ ንድፉ አይይዝም።

ቶፕ ኮት (በመጨረሻ ከላይ የሚቀባው ሽፋን) ሥዕሉን የሚጎትተው ስለሚቸኮል ነው። ከሥዕሉ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቅ፤ ብሩሹ ቶፕ ኮቱን በደንብ ይዞ፣ ሳይጫን፣ በአንድ ጉዞ ይለፍ። መመላለስ አያስፈልግም።

የወፈረ ቀለም ላይ አሴቶን ጨምሩ የሚለው ምክር ደግሞ ቢታረም ጥሩ ነው። ለጊዜው ያቀጥነዋል፣ በኋላ ግን ቀለሙ ጥራቱን ያጣል። ለዚሁ የተሠራ የጥፍር ቀለም ማቅጠኛ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ሁለቱም እሳት በቶሎ ስለሚይዛቸው መስኮት ተከፍቶ፣ ከሻማና ከምድጃ ርቆ ይሠራ።

በልዩ መብራት ስለሚጠነክረው ቀለም፣ ስለ ጄል፣ የተጻፈው ሳይሟላ ቀርቷል። በመብራት ያልጠነከረ ጄል ቆዳን ደጋግሞ ሲነካ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል፤ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች በአንዳንድ የጥርስ መሙያዎችም ውስጥ ስላሉ ጣጣው ጥፍር ላይ አያበቃም። ስለዚህ መብራቱ የጄሉ አምራች የሚመክረው ዓይነት ይሁን፤ ቆዳ ላይ የፈሰሰውም ጣት ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ይጠረግ። ጄሉ ከጥፍር ሲነሳ አይፋቅ፦ ላዩ በሞረድ ተሸርሽሮ፣ አሴቶን የነካ ጥጥ ተደርጎበት፣ በፎይል ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። ካልለቀቀ እንደገና ይጠቀለል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የጥፍር ውበት ባለሙያ