ልጄ፣ ጎጆ ከመቀለሳችሁ በፊት

ውድ ልጄ፣

"አብረን ልንኖር ነው፣ ሰርጉ ይደርሳል" ስትዪኝ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። ስለ ወጉ የሚመክርሽ ሌላ ሰው አታጪም። እኔ ስለ ገንዘቡ ልጻፍልሽ።

ጌሪ ቤከር የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ጋብቻን በኢኮኖሚክስ ዓይን የሚተነትን ጽሑፍ አወጣ። በ1992 ኖቤል ተሸለመ። አንዱ ደመወዝ ላይ፣ ሌላው ቤት ላይ ቢያተኩሩ ሁለቱም ይጠቀማሉ ይላል። ስሌቱ አይከፋም። ቢለያዩስ? ደመወዝተኛው ልምዱንና ዕድገቱን ይዞ ይወጣል። ቤት የዋለችው ሥራ ፍለጋ ከዜሮ ትጀምራለች።

አብረው ቢኖሩም ጉዳቱ አይቀርም። በ2019 የታተመ የዴንማርክ ጥናት የመጀመሪያ ልጅ ከተወለደ በኋላ የእናቶች ገቢ ከአባቶች አንጻር 20 በመቶ ገደማ ቀንሶ እንደሚቀር አሳይቷል። የአባቶቹ ንቅንቅ አላለም። ያውም ለወላጆች ብዙ ድጋፍ በምታደርገው ዴንማርክ!

ጋብቻ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። በብዙ አገር ሕጉ በትዳር ውስጥ የተፈራውን ንብረት ሲፋቱ ያካፍላል። ሳይጋቡ ለሚኖሩ ግን እንደ አገሩ ነው፤ ምንም የማያገኙበት ቦታ አለ። "ያገቡ ሰዎች ኑሯቸው የተሻለ ነው" ሲሉሽ ግን ቶሎ አትቀበዪ። ድሮም የተሻለ ትምህርትና ገቢ ያላቸው ናቸው በብዛት የሚያገቡት፤ ሁሉንም ቀለበቱ አላመጣውም።

አሁን በጣም የምወደውን ልንገርሽ። ብሪታንያ ውስጥ መንግሥት ለልጆች የሚያደርገው ድጋፍ በአብዛኛው የግብር ቅናሽ ሆኖ በአባት ደመወዝ ላይ ነበር የሚታየው። ከ1977 እስከ 1979 ባለው ጊዜ ይህ ቀርቶ ገንዘቡ በቀጥታ ለእናት መሰጠት ጀመረ። ባልና ሚስቱ ያው ናቸው፣ ልጆቹም ያው። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዋ ሼሊ ላንድበርግና ሁለት ባልደረቦቿ የቤተሰቦቹን ወጪ መረመሩ። ለሴቶችና ለልጆች ልብስ የሚወጣው ገንዘብ ከወንዶች ልብስ አንጻር ጨምሮ ተገኘ። ስለዚህ "ገንዘባችን አንድ ነው" ሲባል ማን እጅ ላይ እንደሚገባ ጠይቂ። ክፋት አይደለም፤ ሰው እጁ ላይ ባለው ነው የሚያዘው።

በተለይ የቤት ብድሩ ነገር ያሳስበኛል። እሱ በስሙ የተገዛውን ቤት ብድር ይክፈል፣ አንቺ አስቤዛውንና መብራቱን ቻይ ብትባባሉ፣ በወሩ መጨረሻ እኩል ያወጣችሁ ይመስላል። ከዓመታት በኋላ እሱ ቤት ይኖረዋል፤ አንቺ ደረሰኝ። ካልተጋባችሁ ወይ ስምሽ ይግባ፣ ወይ ድርሻሽ በጽሑፍ ይቀመጥ። የራስሽን የባንክ ሒሳብም አትዝጊ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂው። ልጅ ወልዳችሁ ቢታመም፣ ከሥራ የሚቀረው ማነው? መልሱን ስትሰሚ ደውይልኝ። እሱንም ሰላም በይልኝ፤ ልጁን እንደሆነ ወድጄዋለሁ።

እናትሽ